የአልማዝ ነጋዴው የበተነው ሳንቲም፦ ጃይኖች ሲሰጡና ሲመንኑ

ከሰባርማቲ ማዶ (ክሩን የከፈተው) | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አንድ መስመር ናት፤ መነሻዋን ካላወጋሁ ግን ትርጉም ስለማይኖራት ታገሡኝ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሕንድ፣ አህመዳባድ ከተማ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ መንገዱ በሰው ተሞልቶ መተላለፊያ አጣሁ። ከፊት ከበሮና ጥሩምባ፣ ቀጥሎ ያጌጡ ፈረሶች፣ ከፈረሶቹ ኋላ በአበባ የተሸፈነ ሠረገላ ይመጣል። ሠረገላው ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ሐር ለብሶ፣ አንገቱን በወርቅ ሞልቶ ቆሟል። ከፊቱ ካለው ቅርጫት በሁለት እጁ እየዘገነ ግራና ቀኝ ይበትናል። የሆነ ነገር ትከሻዬን መታኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣው የአምስት ሩፒ ሳንቲም ነው፤ ጥቂት የሩዝ ፍሬዎችም ኮሌታዬ ውስጥ ገብተዋል።

«ሙሽራው ማን ነው?» ብዬ አጠገቤ የቆመውን ሰው ጠየቅሁት። «ሙሽራ አይደለም፤ ነገ ይመንናል» አለኝ።

ያከራየኝ ሰውዬ ጃይን (ጃይኒዝም የሚባለው የጥንት የሕንድ ሃይማኖት ተከታይ) ነውና ማታ አስረዳኝ። ሰውየው የአልማዝ ነጋዴ ነው። በማግስቱ «ዲክሻ» ይቀበላል፤ ጸጉሩ በእጅ እየተነጨ ይወጣል፣ ነጭ ጨርቅ፣ የእንጨት ሳሕኖችና ከሱፍ የተሠራ መጥረጊያ ይሰጠዋል፣ ስሙ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ በእጁ አይነካም፣ መኪና አይሳፈርም፣ ጫማ አያደርግም። መበተኑ «ቫርሺዳን» ይባላል፤ የዓመት ስጦታ ማለት ነው። ከታላላቅ አስተማሪዎቻቸው የመጨረሻው ማሃቪራ በሠላሳ ዓመቱ ከመመነኑ በፊት ዓመት ሙሉ ሲሰጥ ኖሯል ይላሉ፤ በየቀኑ 10.8 ሚሊዮን የወርቅ ሳንቲም፣ በጠቅላላው 3 ቢሊዮን 888 ሚሊዮን። አከራዬ ይህን ሲነግረኝ ትናንት የተዘጋ ሒሳብ የሚያነብ ይመስል ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር እዚያ ብርቅ አይደለም። በ2015 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ጋዜጦች «የዴልሂ የፕላስቲክ ንጉሥ» የሚሉት ነጋዴ እዚያው አህመዳባድ መንኗል። ሀብቱ 6 ቢሊዮን ሩፒ ይደርሳል ተብሎ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህች ናት፦ ይህ ምጽዋት ነው? እኔ እንጀራ ያጣሁ ሰው አልነበርሁም፤ ዳቦ ይዤ ነበር። ከእኔ ጋር ሳንቲሙን የተሻሙትም በአብዛኛው ደህና የለበሱ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ስጦታው ለማን ነው?

ቁጥር ይናገር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

ለተመልካች ነው፣ ሌላ ለማን ይሆናል። የቅርጫቱ ሳንቲም ከሀብቱ ስንት እጅ ይሆናል? ድርጅቱ ለልጆች ወይም ለወንድም ይተላለፋል፣ ፋብሪካው ሥራውን ይቀጥላል። ሰውየው ከሀብቱ ወጣ እንጂ ሀብቱ ከቤቱ አልወጣም። እኔ ይህን ውርስን በሕይወት እያሉ ማስተላለፍ ነው የምለው፤ ከበሮና ፈረስ ተጨምሮበት።

የልጆች እናት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

ቁጥር ይናገር፣ አንተ ደግሞ ማንም ሰው በጎ ሲያደርግ አይዋጥልህም። ስድስት ቢሊዮን ትቶ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ምን ታይታ ይፈልጋል? ከነገ ወዲያ እኮ ማንም አያጨበጭብለትም።

ጡረተኛው መምህር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡20

ልጆች፣ ጥያቄው «ይህ ምጽዋት ነው?» ከሆነ ጃይኖቹ ራሳቸው ቀድመዋችኋል። ስጦታን በአምስት ይከፍሉታል። አንደኛው ፍርሃትን ከሌላው ማራቅ ነው፤ ማለትም ሕይወት ያለውን ሁሉ ከመግደልና ከማስፈራራት መቆጠብ። ሁለተኛው ለሚገባው፣ ይኸውም ለመናኝ፣ የሚሰጥ ነው። ሦስተኛው በርኅራኄ ለተቸገረ፣ አራተኛው በወግና በግዴታ ለዘመድ ለወዳጅ የሚሰጠው ነው። አምስተኛው «ኪርቲዳን» ይባላል፤ ለስም የሚደረግ ስጦታ። ቁጥር ይናገር ያነሣው ነገር ስም ወጥቶለት፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ተቀምጦ ይኖራል። አልከለከሉትም፤ ቦታውን አሳዩት እንጂ።

ስለ መስጠት የሚተርኩትን አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ከሃያ አራቱ ታላላቅ አስተማሪዎቻቸው (ቲርታንካራ ይሏቸዋል) የመጀመሪያው ሪሻባ ንጉሥ ነበር። መንግሥቱን ትቶ መነነ። ከእሱ በፊት የመነነ ሰው አልነበረምና ሕዝቡ ለመናኝ ምን እንደሚሰጥ አያውቅም። በደጃቸው ሲቆም ወርቅ አመጡለት፤ ዝም ብሎ አለፈ። ፈረስና ዝሆን አመጡለት፤ አለፈ። ልጃገረዶቻቸውን ሳይቀር አቀረቡለት። ሰውየው የራበው ነበር። ከዓመት በላይ ምግብ የሚሰጠው አጥቶ ሲዞር ኖረና ሐስቲናፑር ሲደርስ ልዑል ሽሬያንሳ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በእጆቹ ላይ አፈሰሰለት። ዛሬም ዓመቱን ሙሉ ቀን እያሳለፉ የሚጾሙ ጃይኖች ጾማቸውን የሚፈቱት ያ ቀን ሲታሰብ፣ በሸንኮራ ጭማቂ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለጋሶቹ ክፉዎች ስላልሆኑ ነው። ያላቸውን ምርጥ ነገር ነው ያቀረቡት። የተቀባዩን ረኃብ ግን አንድም ሰው አላየውም።

ከሰባርማቲ ማዶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡02

መምህር፣ እርስዎ የተናገሩት ነገር በእኔው ላይ ደርሷል። ላወጋችሁ አፍሬ ነበር።

አከራዮቼ ሥጋና እንቁላል ብቻ ሳይሆን ከመሬት ሥር የሚወጣውንም አይበሉም፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት። ሥር ሲነቀል ተክሉ ይሞታል፣ በውስጡና በአፈሩ ያለውም ነፍስ ሁሉ ያልቃል ብለው ነው። ወጥ ቤታቸውን እንድጠቀም የፈቀዱልኝ ይህን ጠብቄ ነው። ሽሮ ያለ ሽንኩርት ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምስጢሩ ቲማቲሙን ውኃው እስኪጠፋ ማቁላላት ነው።

ታዲያ ከሰዓት በፊት ሁለት መነኮሳይት አንዳንድ ቀን ይመጣሉ። ነጭ ለብሰዋል፣ የእንጨት ሳሕኖቻቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ «ዳርም ላብ» ይላሉ፤ የጽድቅ ትርፍ ይሁንላችሁ እንደ ማለት ነው። ባለቤቲቱ ሥራዋን ጥላ ትወጣና ግቡልኝ ብላ ትለምናቸዋለች። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የምትለምነው ሰጪዋ ናት። እነሱ ምድጃውን ያያሉ፣ ምግቡ መቼ እንደተሠራ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ከአንድ ቤት አንዲት ቂጣ፣ ከሌላው ትንሽ ምስር። ላም በየቦታው ጫፍ ጫፉን እንደምትግጠው ነው፤ ልማዱንም በዚያው ስም «ጎቻሪ» ይሉታል። ባለቤቲቱ ልትጨምር ማንኪያዋን ስታነሣ መነኮሳይቱ ሳሕኑን በእጇ ትከድናለች። «በቃ»፣ «አንዲት ብቻ»፣ «በቃ»። በመጨረሻ ምስጋና የሚባል ነገር የለም። ዞር ብለው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሽሮዬን አሳምሬ ሠራሁና በባለቤቲቱ በኩል አቀረብሁ። መነኮሳይቱ በእሷ አስተርጓሚነት «ይህን ለማን ብለህ ሠራኸው?» አለችኝ። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፍቼ «ለእናንተ!» አልሁ።

ሳሕኑን ከደነችው። ለእነሱ ተብሎ የተሠራን ምግብ አይቀበሉም። እሳቱ የነደደው፣ ውኃው የፈላው፣ በዚያ ውስጥ ያለቀው ነፍስ ሁሉ በእነሱ ምክንያት ይሆናላ። ለራሴ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ማንኪያ ትወስድልኝ ነበር። ያን ቀን ሽሮዬን ብቻዬን በላሁ።

ቁጥር ይናገር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡15

እሺ፣ ይህቺኛዋ ጥሩ ናት። ነገር ግን ምስጋና ለምን ይከለከላል? ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ቢል ምን ይጎድልበታል?

ጡረተኛው መምህር | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ምስጋና ብድር ስለሆነ። ያመሰገነ ሰው ውለታ ገባ፤ ውለታ የገባ ሰው ተሳሰረ። መናኙ ከማንም ጋር ላለመተሳሰር ነው የወጣው። ሰጪውም ቢሆን ዋጋውን በምስጋና ከተቀበለ ስጦታው እዚያው ላይ ተዘግቷል ማለት ነው።

ከሥሩ ያለው ትምህርታቸው ደግሞ ይህ ነው። ካርማ ለጃይኖች የሥራ ዋጋ ብቻ ሳይሆን እንደ አቧራ የደቀቀ እውነተኛ ነገር ነው፤ ነፍስ ላይ ይነጠፋል። አቧራው የሚጣበቀው ነፍስ ቅባት ሲኖራት ነው፤ ቅባቱም ቁጣ፣ ትዕቢት፣ ተንኮልና ስስት ናቸው። አምስተኛው ቃል ኪዳናቸው «አፓሪግራሃ» አለመያዝ ማለት ነው፤ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን «የእኔ» የሚባለውን ስሜት። ከዚህ አንጻር ሳንቲም በታኙ ሰውዬ ስለ ተቀባዩ ብዙም እያሰበ ላይሆን ይችላል። ቅባቱን እያስለቀቀ ነው።

ከሁለቱ ዋና ዋና የጃይን ክፍሎች አንዱ የሆኑት ዲጋምባራዎች እስከ መጨረሻው ሄደውበታል፤ ወንዶች መነኮሳቶቻቸው ጨርቅ እንኳ አይለብሱም። የያዙት የፒኮክ ላባ መጥረጊያና የውኃ ዕቃ ብቻ ነው፤ በቀን አንዴ ቆመው በእጃቸው መዳፍ ይበላሉ። ነጭ ለባሾቹ ሽቬታምባራዎች ናቸው።

መርከበኛው | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሙምባይ ወደብ በወረድን ቁጥር ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን ረጅሙን የሰዓት ማማ አይ ነበር። ራጃባይ ይባላል፤ በ1878 ያለቀ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ፕሬምቻንድ ሮይቻንድ የሚባል የጥጥ ነጋዴ፣ ጃይን ነበር። ማማው በእናቱ ስም ነው። እናቲቱ ዓይነ ስውር ስለነበረች፣ ጃይኖች ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለማይበሉ፣ የራቷን ሰዓት ከደወሉ እንድታውቅ ብሎ ነው እያሉ ያወራሉ።

ሰውየው ገንዘቡን የሰጠው በ1864፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥን ዋጋ ሰማይ ባደረሰበት ወቅት ነው። በዓመቱ ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ፣ ሰውየውም ከሰረ። ከኪሳራው በፊት ከሰጠው ማማው ዛሬም ይደውላል። ቀሪው ሀብት የት እንደገባ ወደብ ላይ ያሉትን ጠይቋቸው።

ናይሮቢ ፓርክላንድስ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እኛ ናይሮቢ ያለን አበሾች ጃይኖችን ሳናውቃቸው እናውቃቸዋለን። ስንታመም የምንሄድበት ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታል የተሰየመው በመግጂ ፔትራጅ ሻህ ነው። ከሕንድ ጃምናጋር አካባቢ የመጣ፣ ኦሽዋል ከሚባለው የጃይን ማኅበረሰብ የሆነ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ኬንያ ገባ፣ በንግድና በፋብሪካ ከበረ፣ ከዚያ መስጠት ጀመረ። በትውልድ አገሩ ጃምናጋር በ1955 የተከፈተው የሕክምና ኮሌጅም በስሙ ይጠራል። ኦሽዋሎች እዚህ ናይሮቢም ሞምባሳም ትምህርት ቤት አላቸው።

መነኩሴ ግን እዚህ አላየሁም። ነጭ ለባሾቹ ተሽከርካሪ ስለማይሳፈሩ ባሕር ተሻግረው አይመጡም። ስለዚህ የዚህ አገር ጃይን ልግስናው ወደ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ቢያጋድል አይገርመኝም። ደጁ ላይ ሳሕን ይዞ የሚቆም የለማ።

ዲያቆን ነኝ | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡40

ከቅዳሴ ስመለስ አነበብኋችሁ። እኛም ዘንድ ለሚመነኩሰው ጸሎተ ግንዘት ይደርስለታል፤ ለዓለም ሞተ ተብሎ። እነሱ ሙሽራ አስመስለው ይሸኙታል፣ እኛ አስከሬን። መድረሻው ተቀራራቢ ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በጃይኖች ቤተ መቅደስ ውስጥ ጨረታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እንደ እኛ የንግሥ በዓል ጨረታ ነው? እኛ ጃንጥላም፣ ዳቦም፣ ሥዕልም እናጫርታለን፤ አንዳንዴ አንዲት ዳቦ የሕንፃውን ጣሪያ ትሸፍናለች።

ከሰባርማቲ ማዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

አለ፤ «ቦሊ» ይባላል። የሚሸጠው ግን ዕቃ ሳይሆን ክብር ነው። የዕለቱን የመጀመሪያ አምልኮ ማን ያቅርብ? የማሃቪራ እናት ያየቻቸውን ሕልሞች የሚያሳዩትን የብር ምስሎች በልደቱ በዓል ማን ያውርዳቸው? ለዚያ ይጫረታሉ። አከራዬ ወስዶኝ አይቻለሁ። አጫራቹ ዋጋ የሚጠራው በሩፒ አይደለም፤ በንጥር ቅቤ ነው! «መቶ ማን ቅቤ! መቶ ሃምሳ!» ማን የድሮ መስፈሪያ ነው። ቅቤ ግን የትም አይታይም፤ አንዱ ማን በስንት ሩፒ እንደሚታሰብ ቀድሞ የታወቀ ነውና መጨረሻ ላይ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው ሲጫረቱ አይቻለሁ፤ እናታቸው በመሐል ተቀምጣ ትስቃለች።

በዚህ መንገድ ለጣዖቱና ለቤተ መቅደሱ የገባ ገንዘብ «ዴቭድራቪያ» ይባላል፤ የአምላክ ንብረት። በጥብቆቹ ዘንድ ይህ ገንዘብ ለቤተ መቅደስ ሥራ ካልሆነ በቀር ለሌላ አይውልም። ሰባት የስጦታ መስኮች አሏቸው፦ ምስሎች፣ ቤተ መቅደሶች፣ መጻሕፍት፣ መነኮሳት፣ መነኮሳይት፣ ምእመናንና ምእመናት። ከላይ ወደ ታች ማውረድ ክልክል ነው፤ የምስሉን ገንዘብ ለምእመን ትምህርት ቤት ማድረግ ማለቴ ነው። ለእንስሳትና ለችግረኛ የሚሰበሰበው ለብቻው ነው።

ቁጥር ይናገር | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም አልልም። ሻትሩንጃያ ተራራ ላይ ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጉ ቤተ መቅደሶች አሉ። በአቡ ተራራ በ1031 እና በ1230 የተሠሩት ቤተ መቅደሶች ዕብነ በረዳቸው እንደ ዳንቴል ነው ይባላል። ይሁን፣ ያምራል። ግን ባለቤቱ ምንም የማይፈልግ፣ ሁሉን ትቶ የሄደ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ለእሱ ምስል የሚገባው ገንዘብ ወደ ሕያው ሰው መውረድ ለምን ተከለከለ? ይህን አንድ ሰው ያስረዳኝ።

ሕይወት በደብረ ዘይት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጃይኖች እኮ ከሕንድ የገቢ ግብር 24 በመቶውን ብቻቸውን ይከፍላሉ። ይህን ሳንረሳ እንፍረድ።

ቁጥር ይናገር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡12

ሕይወት፣ ይህቺ ቁጥር በየማኅበራዊ ገጹ ትዞራለች። የሕንድ የገቢ ግብር ቅጽ የከፋዩን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ታዲያ ማን ቆጠረው? የታወቀው የ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ 4.45 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ ከሕዝቡ 0.4 በመቶ ያህል፣ ማንበብና መጻፍ በመቻል ከሁሉም ይቀድማሉ።

ከሰባርማቲ ማዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁሉም ባለአልማዝ አይደሉም ደግሞ። በካርናታካና በደቡብ ማሃራሽትራ ገበሬ ጃይኖች አሉ። አከራዬም የሚኖረው የጨርቅ ሱቅ እየነገደ ነው።

መርከበኛው | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡55

ክርክሩን ላቋርጥ። ዴልሂ ከቀይ ምሽግ ፊት ለፊት ባለው የጃይኖች ቤተ መቅደስ ውስጥ የወፎች ሆስፒታል አለ። ወጥቼ አይቻለሁ። ርግቦች፣ በቀቀኖች፤ በሚበር የወረቀት መጫወቻ (ካይት) ክር ክንፋቸው የተቆረጠ፣ ከማራገቢያ ጋር የተጋጩ። በየሣጥናቸው ተኝተው ፋሻ ይለወጥላቸዋል፣ ክፍያ የለም፣ የዳነው ይለቀቃል። ጭልፊት ሲመጣስ? ሥጋ በል ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አያስተኙትም፤ በተመላላሽ ታካሚነት ያዩትና ይሸኙታል። የሳቅሁትን ሳቅ! በኋላ ሳስበው ግን አልከለከሉትም፤ አከሙት።

የልጆች እናት | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ለወፍ ይህን ያህል የሚራሩ ሰዎች ለልጅስ? በጥር 2023 ሱራት ከተማ የአንድ አልማዝ ነጋዴ ልጅ በስምንት ዓመቷ መነነች። ስምንት ዓመት! ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ በዝሆን በተጎተተ ሠረገላ ላይ። የኔዋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትናንት ጥርሷ ወልቆ ከትራሷ ሥር አስቀምጣ ተኛች። ትናንት ሰውየውን የተሟገትሁለት እኔ ነበርሁ፤ ትልቅ ሰው ያፈራውን ቢተው መብቱ ነው። ሕፃን የምትተወው ሀብት ግን የቱ ነው? ገና ያላገኘችውን?

በ2017ም ከማድያ ፕራዴሽ የሆኑ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጃቸውን ለዘመድ ትተው መንነዋል። ለእኔ ይህ ስጦታ አይባልም።

ጡረተኛው መምህር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡00

እመቤቴ፣ ቁጣዎ ከጃይኖች ውጭ ብቻ ያለ አይምሰልዎ። ልማዱ ከስምንት ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ተቃውሞው ግን ከማኅበረሰቡ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ተነሥቷል። የባሮዳ ግዛት በማሃራጃ ሳያጂራኦ ዘመን፣ በ1933፣ የልጆችን ምናኔ የሚገድብ ሕግ አውጥቶ ነበር። ጥብቆቹ አጥብቀው ተቃወሙት። ዛሬም አልተቋጨም።

ለቁጥር ይናገር ጥያቄም እንዲሁ አንድ መልስ የላቸውም። በ1760 ራጃስታን ውስጥ ተራፓንት የሚባለውን ክፍል የመሠረተው አቻርያ (የመነኮሳት አለቃ) ቢክሹ፣ ለችግረኛ መስጠት ዓለማዊ በጎ ሥራ ነው፣ ነፍስን የሚያነጻው ግን ራስን መግዛት ነው ብሎ በግልጽ ለየ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቻንዳና የምትባል መነኮሳይት ቢሃር፣ ራጅጊር ላይ ቪራያታን የሚባል ተቋም መሥርታ የዓይን ሆስፒታል ከፈተች፤ መነኮሳይትም ሰውን ያገልግሉ ብላ። በ1987 አቻርያ የሚለውን ማዕረግ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሁለቱም ጃይን ናቸው፤ ሁለቱም ማሃቪራን ይጠቅሳሉ። በጃይፑር ደግሞ ከ1975 ጀምሮ እግር ለተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር በነጻ የሚገጥም ድርጅት አለ፤ መሥራቹ ጃይን ነው፣ ድርጅቱም በማሃቪራ ስም ይጠራል። የታካሚውን ሃይማኖት አይጠይቅም።

ቁጥር ይናገር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡18

መምህር፣ ይቺን ተቀብያለሁ። ለማይመንነው ተራ ሀብታምስ ምን ተብሏል? ሁሉም አይመንንም።

ጡረተኛው መምህር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡40

ለእሱ የተሰጠው ልክ ማበጀት ነው፤ ከዚህ በላይ አልይዝም ብሎ ይምላል። በጥንት መጽሐፋቸው አናንዳ የሚባል ምእመን አለ። 40 ሚሊዮን ወርቅ በግምጃ ቤት፣ 40 ሚሊዮን በንግድ፣ 40 ሚሊዮን በቤት ንብረት፣ በዚያ ላይ 40 ሺህ ከብት ነበረው። ማሃቪራ ፊት ቀርቦ ከዚህ አልጨምርም ብሎ ማለ።

ቁጥር ይናገር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡43

እኔም ዛሬ ማታ እምላለሁ! 40 ሚሊዮኑን ቀድሞ የሚሰጠኝ ሰው ይምጣ እንጂ።

ጡረተኛው መምህር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡51

ሳቅ፣ ሳቅ። አርባ ሚሊዮን ያለው ሰው ግን አርባ አንደኛውን መተው እንዴት እንደሚከብደው በዕድሜዬ አይቻለሁ። አናንዳም በኋላ ቤቱን ለበኩር ልጁ አስረክቦ በጾም አልፏል ይላሉ።

ዲያቆን ነኝ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

አንድ ሌላ ታሪክ ሳትነግሩን አለፋችሁ። ማሃቪራ ከመነነ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ድኃ አለ ይባል የለ?

ጡረተኛው መምህር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አለ፤ ሽቬታምባራዎች ናቸው የሚተርኩት፣ ዲጋምባራዎች አይቀበሉትም። ሶማ የሚባል ድኃ ብራህማን በዚያ የስጦታ ዓመት ሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ ሄዶ ነበር። ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቱ «አገር ሁሉ ሲከብር አንተ የት ነበርህ?» ብላ አባረረችው። ማሃቪራን ጫካ ድረስ ተከትሎ ለመነው። ማሃቪራ የቀረችው በትከሻው ያለች አንዲት ውድ ጨርቅ ብቻ ነበረች፤ ለሁለት ቀዶ ግማሿን ሰጠው። ሶማ ወደ ሰፊ ወሰዳት። ሰፊው «ሌላዋን ግማሽ ብታመጣ ገጥሜ አንድ መቶ ሺህ አሸጣታለሁ» አለው። ሶማ ዳግመኛ ለመለመን አፈረ፤ ከኋላ ከኋላው ወራት ተከተለው፤ ጨርቋ እሾህ ይዟት እስክትወድቅ። ማሃቪራ ዞሮ አላነሣትም። ሶማ አንሥቷት ሄደ።

የልጆች እናት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡48

ሶማን ወደድሁት። ክሩን የከፈትኸው ልጅ ግን ዋናውን ሳትነግረን ጠፋህ። ያቺን አምስት ሩፒ ምን አደረግሃት?

ከሰባርማቲ ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

እትዬ፣ አልጠፋሁም፤ ሥራ ላይ ነበርሁ።

ያን ዕለት ማታ ለድኃ እሰጣታለሁ ስል አከራዬ ደነገጠ። «እንዳትሰጣት! እንዳትመነዝራት! ገንዘብ የምታስቀምጥበት ቦታ አድርጋት፣ አይጎድልብህም» አለኝ። ከዚያ ወደ ሱቁ ይዞኝ ወረደና የገንዘብ መሳቢያውን ከፈተ። ጥግ ላይ የክብሪት ቀፎ አለ። ውስጡ ሰባት ሳንቲሞች፣ እያንዳንዳቸው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልለው፤ ከሰባት ሰዎች ምናኔ የለቀማቸው ናቸው። የአጎቱ ልጅም አንዱ ነው። ሰዎቹ ላለመያዝ የበተኑትን እሱ እንዲበዛለት ይዞታል። ይህን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ቀፎውን መልሶ ሲዘጋ ያየሁት ጥንቃቄ አፌን ያዘኝ።

የኔዋ አዲስ አበባ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ባለፈው ወር ለታክሲ ዝርዝር አጥቼ በጥድፊያ ይዣት ወጣሁና ለረዳቱ ሰጠሁት። አገላብጦ አይቶ «ይቺ የእኛ አይደለችም፣ ወንድሜ» ብሎ መለሰልኝ።